ሳይጠይቁ ያነደዱት እሳት

ፊደል የቈጠረ ሰው ያልተማረውንም ነገር የሚያውቅ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት በሌላ ሰው ላይ ሲታይ ያስቃል፤ በራስ ቤት ሲደርስ ግን ያስለቅሳል። በቤቴ የደረሰውን ነገር ለክቡራን አንባቢዎች ለመግለጽ ያሰብሁት ራሴን ለማመስገን ወይም ለማዋረድ አይደለም፤ የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሁሉ በእኔ ጥፋት እንዲጠነቀቅና ጥቂትም ዕውቀት እንዲያገኝበት ነው እንጂ። ነገሩም ስለ ፕላስቲክ ቧንቧና ስለ እሳት ነው።

እኔ በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደልና ዳዊት የተማርሁ፣ በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብና የተፈጥሮ ትምህርት የቀመስሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ዕድሜዬ ከዐርባ ዐልፎ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት እኖራለሁ። ሥራዬም የሰውን ቃል ሰምቶ መጻፍ ነው። ከሳሹ የተናገረውን፣ ተከሳሹ የመለሰውን፣ ምስክሩም አየሁ ያለውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ በመዝገብ አሰፍራለሁ። እጄ ግን ከመጻፊያ በቀር ሌላ መሣሪያ አልለመደም፤ መዶሻ ብይዝ ጣቴን እንጂ ምስማሩን አልመታም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ነበር፣ ባለቤቴ በየማለዳው ባልዲና ጀሪካን እየደረደረች ትጨነቅ ነበር። በዚያው ጊዜ ደግሞ የሐምሌ ዝናም በቆርቆሮ ክዳናችን ላይ እየወረደ በከንቱ ወደ ጎዳና ይፈስስ ነበር። አንድ ቀን ማታ በትምህርት ቤት የተማርሁትን ሒሳብ አስታውሼ አሰላሁ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ቢዘንም አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። የእኛ ክዳን 40 ካሬ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር በዘነመ ቀን 800 ሊትር፣ ይኸውም 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል አራት ጊዜ የሚሞላ ውሃ ያመልጠናል ማለት ነው። ይህን ለባለቤቴ በነገርኋት ጊዜ፣ «እንግዲያው ከአሸንዳው እስከ በርሜሉ ቧንቧ ይዘርጋልን» አለችኝ።

በማግሥቱ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒቪሲ የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ገዝቼ መጣሁ። ነገር ግን በአሸንዳውና በበርሜሉ መካከል የወጥ ቤቱ ግድግዳ ጥቂት ወጣ ብሎ ስለሚገኝ፣ ቧንቧው ሁለት ጊዜ በመጠኑ መጠምዘዝ ነበረበት። ከሱቅ የሚሸጠው ኤልቦ የሚባለው ክርን አንዱ ቀጥ ብሎ የሚታጠፍ፣ ሁለተኛውም የዚያን ግማሽ የሚታጠፍ ነው፤ ሁለቱም ለእኛ ግድግዳ አልተስማሙም። ባለቤቴም፣ «ከቤታችን ጀርባ ያሉትን ሽማግሌ ባለሙያ ለምን አትጠራቸውም?» አለችኝ። እኔም፣ «ፕላስቲክ በእሳት እንደሚለሰልስ ሕፃን ያውቀዋል፤ ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም» ብዬ መለስሁላት።

እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ዛሬ ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ። እኚህ ሽማግሌ የቀንድ ሠሪ ልጅ ናቸው። እኔ በተወለድሁበት አገር የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ይፈለጋል እንጂ አይከበርም ነበር፤ በሠራው ዋንጫ ይጠጡበታል፤ ሠሪውን ግን ወደ ማዕዳቸው አያቀርቡትም። መጽሐፍ በማንበቤ ይህን ንቀት ከልቤ የጣልሁት ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በእኚህ ሰው ደጅ ቆሜ «አላውቅምና ያስተምሩኝ» ማለት በከበደኝ ጊዜ፣ ንቀቱ ስሙን ለውጦ በውስጤ መቀመጡን ሳላስተውል ቀረሁ።

የቅዳሜ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናም ይጥል ስለ ነበር በወጥ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ አቀጣጠልሁ፤ ነፋሱ ውሃውን እንዳያስገባብን በሩን ዘጋሁ። የስምንት ዓመት ልጄን ጠርቼ የቧንቧውን ጫፍ እንድትይዝልኝ አደረግሁና ወገቡን ከፍሙ በላይ ያዝሁት። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለውን ተረት እየነገርኋት፣ እኔም እንደ ታላቅ ጠቢብ ቧንቧውን አገላብጥ ነበር። በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ወደ ፍሙ ባቀረብሁት ጊዜ ግን በአንድ በኩል ጠቈረ፤ በሌላው በኩል ገና ደረቅ ነበር። በጕልበቴ ባጠፍሁት ጊዜ እንደ ተሰበረ ሸንበቆ ወገቡ ተጨፍልቆ ውስጡ ተደፈነ። የተጨፈለቀውን አቀናለሁ ብዬ ይልቁንም በፍሙ ላይ አሳረፍሁት። ወዲያውኑ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ዐይን የሚያቃጥል ጭስ ቤቱን ሞላው።

እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ቧንቧውን ሳነሣ፣ ልጄ ጫፉን እንደ ያዘች ትስል ነበር። እኔ ልቀቂው ስላላልኋት አልለቀቀችም። ይህን ባሰብሁ ቍጥር እስከ ዛሬ ድረስ ልቤ ይደነግጣል። እናቴ የሳሉን ድምፅ ሰምተው በሩን ከፍተው ገቡና ልጂቱን እጅዋን ይዘው ወደ ውጭ አወጧት። በዝናሙ ውስጥ ቆማ ትንፋሽ እየፈለገች ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁ።

ወደ ጤና ጣቢያ በወሰድናት ጊዜ ተረኛዋ የጤና መኰንን ልጂቱን እየተመለከተች፣ «ጌታዬ፣ የተቃጠለው ነገር ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፣ «የከሰል ጭስ ነው» አልሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የምስክርን ቃል ስጽፍ የኖርሁ ሰው፣ የገዛ ልጄ በፊቴ ተኝታ ሳለች ግማሽ እውነት መሰከርሁ። ከሰልም ነድዶ ነበርና ቃሌ ሐሰት አይደለም ብዬ ኅሊናዬን ልሸነግለው ሞከርሁ። ይህንም ያደረግሁት፣ የተማረ ሰው በተዘጋ ቤት ውስጥ ከልጁ ጋራ ፕላስቲክ አቃጠለ እንዳይባል ነው። በዚህ ጊዜ እናቴ፣ «ልጄ፣ ምነው! እውነቱን ተናገር እንጂ። የውሃ ቧንቧ ሲያቃጥል ነው፤ የፕላስቲኩን» አሉ።

የጤና መኰንንዋ አልተቈጣችኝም፤ ነገር ግን ሥራዋን ወዲያው ለወጠች። በኋላም እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፤ «የከሰል ጭስ ብቻ ቢሆን ራስ ማዞርንና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትን ነበር የምንፈራው። የዚህ ፕላስቲክ ጭስ ግን ጉሮሮንና ሳንባን ያቃጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም እብጠቱ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ሳሉ ቀለል አለ ብለን ወዲያው ልናሰናብታት አንችልም።» ልጄ ኦክስጅን ተሰጥቷት እስከ እኩለ ሌሊት በዚያው ስትጠበቅ ቈየች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች፤ ሳሉም በሦስተኛው ቀን ተዋት። እናቴ ያን ቃል ባይናገሩ ኖሮ ግን ወዲያው ወደ ቤት እንመለስ እንደ ነበር አስባለሁ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ነገር ለማወቅ መጻሕፍት አገላበጥሁ። ፒቪሲ ከክብደቱ ከመቶው 57 ያህሉ ክሎሪን ነው። በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መለስለስ ይጀምራል፤ ለማጠፍም ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይበቃዋል። ከዚህ እጅግ አብዝቶ በጋለ ጊዜ ክሎሪኑ ከሃይድሮጅን ጋራ ተጣምሮ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ይህም ጋዝ የዐይንን፣ የጉሮሮንና የሳንባን ርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። የቀላ የከሰል ፍም ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። እንግዲህ ከ130 ዲግሪ የማይበልጥ ሙቀት ለሚበቃው ነገር ምን ያህል እንዳበዛሁበት አንባቢ ይፍረድ።

የዚህም ነገር ታሪክ አጭር አይደለም። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1872 ኦይገን ባውማን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ፣ በብርጭቆ ዕቃ ያኖረው ጋዝ የፀሐይ ብርሃን አግኝቶ ነጭ ጠጣር ነገር ሆኖ አየው። ነገር ግን ግትርና ለሥራ የማይመች ስለ ነበር ብዙ ዘመን ጥቅም ሳይሰጥ ቈየ። በ1926 ዋልዶ ሲሞን የሚባል አሜሪካዊ ከሌላ ነገር ጋራ አዋሕዶ በማሞቅ እንዲለሰልስና ለሥራ እንዲመች አደረገው። በ1930ዎቹም በጀርመን አገር ለውሃ መሄጃ ቧንቧ ይሠራበት ጀመር። ስለዚህ ይህን ቧንቧ የማሞቅ ብልኃት ሰዎች በብዙ ድካም ያገኙት ዕውቀት ነው እንጂ፣ እኔ እንደ ገመትሁት ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነገር አይደለም።

ልጄ በዳነች በሳምንቱ ወደ ሽማግሌው ባለሙያ ደጅ ሄድሁ። የሆነውንም ሁሉ፣ በጤና ጣቢያ የሸሸግሁትንም ጭምር፣ ነገርኋቸውና «አባቴ፣ አላውቅምና ያስተምሩኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጅዎ ተሽሏታልን?» ብለው ጠየቁኝ። ተሽሏታል ባልኋቸው ጊዜ፣ «እንግዲያው ነገ በፀሐይዋ ጊዜ እመጣለሁ፤ ሥራው የሚሠራው ግን በግቢው ነው እንጂ በቤት ውስጥ አይደለም» አሉኝ።

በማግሥቱ የሠሩትን ሁሉ ቆሜ ተመለከትሁ። አስቀድመው የግድግዳውን ቅርጽ በሽቦ ለክተው ወሰዱ፤ ሽቦውንም በሳንቃ ላይ አጋድመው በመስመሩ ግራና ቀኝ እንጨት በምስማር መቱ። ይህ የቧንቧው ማደሪያ ነው። ቀጥለው ደቃቅ አሸዋ በወንፊት ነፉና በብረት ምጣድ ላይ ቈሎ እንደሚቈላ እያማሰሉ አደረቁት። «አሸዋው ርጥበት ካለው በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆንና በፊት ላይ ይተፋል» አሉኝ። የሙቀቱንም መጠን የለኩት በብልኃት ነው፤ ከዚያው ቧንቧ የተቈረጠ ቅራጭ በአሸዋው ውስጥ ቀበሩና ጥቂት ቈይተው በጕጠት አወጡት። እንደ ቈዳ ለስልሶ ቀለሙ ካልተለወጠ ሙቀቱ ልክ ነው፤ ቡናማ ከሆነ ግን በዝቷልና ምጣዱ ከእሳት መውረድ አለበት።

ከዚያም የቧንቧውን አንድ ጫፍ በእንጨት ውታፍ ደፍነው፣ ወፍራም ጓንት በእጃቸው አድርገው፣ አሸዋውን በማንቆርቆሪያ ጨመሩበት። ጐድጓዳ ስፍራ እንዳይቀር ጐኑን በቀስታ መታ መታ አደረጉት፤ ሁለተኛውንም ጫፍ ደፈኑት። «አሁን እንጠብቅ» አሉ። እኔ ከቸኰልሁበት ስፍራ እርሳቸው ተቀመጡ። የአሸዋው ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ በዝግታ ስለሚወጣ ቧንቧው በዙሪያው ሁሉ እኩል ይለሰልሳል፤ አሸዋው ደግሞ ውስጡን ሞልቶ ስለሚደግፈው ወገቡ አይጨፈለቅም። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቧንቧውን አንሥተው በሳንቃው ላይ በተመታው እንጨት መካከል አስተኙት። ያለ ምንም ጕልበት ቅርጹን ያዘ። በላዩም ርጥብ ጨርቅ አልብሰው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በእጃቸው ያዙት። «እሳቱ ያለሰልሳል እንጂ አያጥፍም፤ የሚያጥፈው እጅ ነው፤ የሚያጸናው ደግሞ ማቀዝቀዙ ነው። ሳይቀዘቅዝ የለቀቁት እንደ ሆነ ወደ ቀድሞው ይመለሳል» አሉኝ።

ልጄ በሩቅ ቆማ ታይ ነበር፤ ወደ ምድጃው ለመቅረብ ፈርታለች። «አባዬ፣ ዛሬም ይሸታል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት ሽማግሌው፣ «አይሸትም የኔ ልጅ፤ የሚሸት ከሆነ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው» አሏት። ይህን ቃል ለራሴ መዝገብ ጻፍሁት። ጭስና ሽታ የብርታት ምልክት የሚመስለን ብዙዎች ነንና።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቡና ተፈላ። ይህን ብልኃት ከማን እንደ ተማሩት በጠየቅኋቸው ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «አባቴ ፕላስቲክ አላዩም፤ ነገር ግን ቀንድ ያበጁ ነበር። ቀንድም እንዲሁ ነው። በሙቀት ይለሰልሳል፤ እንደ ሞቀ የእንጨት ቅርጽ በውስጡ ይገባበታል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ተደረገው ሆኖ ይቀራል። እሳት የበዛበት ቀንድ ግን ይሸታል፤ ይሰነጠቃል» አሉኝ። በእውነቱ ቀንድ እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ስለ ሆነ በሙቀትና በርጥበት የሚለሰልስ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን የብራና ቀለም የሚያኖሩበት ቀንድ ነበራቸው። ስንት ዓመት ከዚያ ቀንድ ቀለም ሲጠቀስ አየሁ! ቀንዱን ማን እንዳበጀው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

በዚያው ቀን ማታ ከልጄ ጋራ አንድ ሙከራ አደረግን። ከተጠመዘዘው ቧንቧ የተረፈ ቅራጭ በድስት በፈላ ውሃ ውስጥ ጨመርነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ ውሃ የሚፈላባት በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ከ80 ዲግሪ ስለሚበልጥ ይበቃል። ጥቂት ቈይቶ የተጠመዘዘው ቅራጭ በዐይናችን ፊት ቀስ እያለ ተቃና። ልጄም፣ «አባዬ፣ ትዝ አለው እንዴ?» ብላ ሣቀች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከምድጃ አጠገብ ስትሥቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ጫፉን ልቀቂው ሳልላት ስለ ቀረሁበት ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔማ እንዳይወድቅብህ ብዬ ነው» አለችኝ። ለዚህ ቃል መልስ አልነበረኝም።

ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን በአጭሩ ልናገር። ከፕላስቲክ ወገን አንዳንዱ እንደ ሰም ነው፤ በሞቀ ቍጥር ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ፒቪሲና ፖሊኤቲሊን ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው ግን እንደ ተተኰሰ ሸክላ ነው፤ ሊዮ ቤክላንድ በ1907 በአውሮጳውያን አቈጣጠር ያገኘው ባክላይት አንድ ጊዜ ከጠና በኋላ ቢያሞቁት ይከስላል እንጂ አይለሰልስም። ስለዚህ የማያውቁትን ፕላስቲክ ወደ እሳት ማቅረብ አይገባም። የፒቪሲ ቧንቧ በሙቀት የሚጠመዘዘው ዝናምን ለማውረድ ወይም ይህን ለመሰለ ቀላል ሥራ ነው። በኀይል የሚገፋ ውሃ ለሚሄድበት መስመር ግን አይሆንም፤ በተጠመዘዘበት ስፍራ የውጭው ጐን ይሳሳልና፤ ለዚያ ተሠርቶ የሚሸጠውን ክርን መግዛት ይሻላል። ሙቅ ውሃም ሊሄድበት አይገባም። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ፒፒአር የሚባለው ቧንቧ ሲሆን፣ እርሱ የሚጋጠመው በ260 ዲግሪ በጋለ መሣሪያ ነው፤ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነው በመሣሪያው ላይ የሚቈየው 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሜትር የሆነውም 7 ሰከንድ ብቻ ነው። የቧንቧ ፍቅፋቂና ቅራጭ በምድጃ አይጣል፤ በቈሻሻም መካከል አይቃጠል። ጭሱ ሰው ካገኘ በፍጥነት ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፤ ወደ ሐኪም ወስደው የተቃጠለውን ነገር በስሙ ይናገሩ። እፍረት ከልጅ ሳንባ አይበልጥም።

ለባለሙያው ዋጋቸውን ከፈልሁ፤ በማዕዳችንም አብረን ቈረስን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ዐልፏል፤ ዐዋጁን በመጽሐፍ ያነበብሁት እኔ ግን ሳልሰድብ ንቄ ኖርሁ። ምላስ የተወውን ነገር ልብ ሊጠብቀው እንደሚችል ያስተማረኝ የልጄ ሳል ነው።

አሁን ክረምት በገባ ቍጥር ውሃው ከአሸንዳው ወርዶ በግድግዳው ዙሪያ ተጠምዝዞ ወደ በርሜሉ ሲገባ በመስኮት እሰማዋለሁ። ልጄ በርሜሉ የሞላ ቀን ሮጣ ለሽማግሌው ትነግራቸዋለች። እኔም ያልተማርሁትን ሥራ ለመጀመር ባሰብሁ ጊዜ፣ እሳት ከማንደዴ በፊት ወደ ጀርባችን ደጅ እሄዳለሁ።